የሶርሳ ድርሻ

አናጺው ጋሽ ለማ ኑዛዜያቸውን ያጻፉት በንዴት ነበር። ልጃቸው ሶርሳ የአባቱን መጋዝ ጥሎ ኦሞ ወንዝ ዳር ዱስ መንደር ወረደና የፈረንጅ አስጎብኚ ሆነ። «ከእንግዲህ ልጄ አይደለም!» ብለው የጂንካውን ቤት በሙሉ ለሴቷ ልጃቸው ለአስካል አወረሱ። ንዴት መቼም አርቆ አያይም።

ዘንድሮ አልጋ ሲይዙ ግን ጸጸቱ ከሕመሙ ባሰ። የበኩር ልጅን በአንድ ቀን ቁጣ መካድ! ጣሪያውን ባዩ ቁጥር ቆርቆሮውን ከሥር ያቀበላቸው ሶርሳ ትዝ እያላቸው ያለቅሳሉ።

«አስካል፣ ፓስተር እውነቱንና ሽማግሌዎቹን ጥሪልኝ። ኑዛዜውን እለውጣለሁ። የወንድምሽም ድርሻ ይግባበት።»

«እሺ አባባ። ሐኪሙ ልብህን እንዳታስጨንቀው ብሎሃል፤ መጀመሪያ ሻል ይበልህ።»

ሻል አላቸው። አስካል ግን ፓስተሩ ወደ ካኮ ከተማ ሄደዋል አለች። ቀጥላ ሽማግሌዎቹ አልተመቻቸውም አለች። «እንግዲያው ለሶርሳ ደውዪልኝ» ሲሏት፣ «ዱስ ኔትወርክ የለም» ብላ ሻሿን እያስተካከለች ወጣች። ይህን ሻሽ ሰሞኑን ቤት ውስጥም አታወልቀውም።

አንድ ጊዜ ደግሞ አልዱባ ገበያ ብላ ሄዳ አድራ መጣች። የገዛችው ነገር የለም። ድምጿም ተዘግቷል። «ጉንፋን ነው» አለች።

የምን ጉንፋን! ጠበቃ ዘንድ ሄዳ ስትሟገት ውላ ነው አሉ ጋሽ ለማ በልባቸው። ከራስ በላይ ንፋስ፤ ቤቱ ጣፍጧታል። ይህችን ስስታም ያሳደግኳት እኔው ነኝ ብለው ለዚህም ራሳቸውን ወቀሱ።

«እህት ወንድሟን ትቀማለች? ካልጠራሻቸው እየዳህኩም ቢሆን እሄዳለሁ!» ብለው ጮሁባት።

አስካል አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ፓስተር እውነቱና ሽማግሌዎቹ መጡ። ጎረቤቱም ተከትሎ ገባ። ጋሽ ለማ ደስ አላቸው፤ ምስክር በዛልኝ፣ ተመስገን አሉ።

«በሉ ጻፉልኝ» አሉ ቀና ብለው። «ቤቱ ለሁለቱም እኩል ነው። ሶርሳንም በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

እስክሪብቶ ያወጣ ሰው የለም። ፓስተሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ።

«ጋሽ ለማ፣ ይጽኑ። ሶርሳ ካረፈ ሰነበተ።»