የራዳሩ ባላንጣ

ሰፈሩ «ራዳሩ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የአየር ኃይል ራዳር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ቁጭ ብሎ የዓለምን ጦር ይጠግናል። ስለ ድሮን ይጽፋል፣ ስለ ሚሳይል ይጽፋል፣ መሣሪያ ለሰልፍ ማድመቂያ ስለሚገዙ ሚኒስትሮች ይጽፋል። ማንንም አይምርም።

ችግሩ፣ የሚያነበው የለም። በቀደም የታንክ ዘመን አብቅቷል ብሎ ረጅም ጽሑፍ ለጠፈና ሁለት «ወደድኩት» አገኘ። አንዱን የሰጠው ራሱ ነው። ሁለተኛው የወንድሙ ልጅ ነው፤ እሱም በኋላ ደውሎ «ጋሼ፣ እጄ አዳልጦኝ ነው» አለው።

የቀረው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጭልፊት። በፎቶ ፋንታ ደመና የለጠፈ፣ ስሙን የደበቀ ሰው። ራዳሩ ጽፎ መነጽሩን ሳያወልቅ የጭልፊት መልስ ይደርስበታል።

«ማሽኑ ራሱ አስቦ ይተኩስ ብለሃል። ሲሳሳትስ? ማነው ይቅርታ የሚጠይቀው?»

«ይቅርታ ዒላማ አይመታም» ብሎ መለሰ ራዳሩ።

«አንተም ስትመታ አላየንህም።»

ራዳሩ ብቻውን ሳቀ። በቀን አንዴ የሚስቀው ያኔ ነው፤ ከዚያ ይናደዳል፤ ከዚያ እጁን አሻሽቶ መልስ ይጽፋል።

ቤቱ እንደሆነ ጭር ያለ ነው። ሚስቱ ውስጠኛው ክፍል ሬዲዮዋን ከፍታ ትውላለች። አንዴ እንግዳ ፊት የተናገራት ነገር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው «ሻይ ፈልቷል» እና «በሩን ዝጋው» ሆኖ ቀረ። ጠዋት ዘንቢሏን አንጠልጥላ ገበያ ትሄዳለች፤ ከሰዓት ልጃቸው በገዛችላት ታብሌት የልጅ ልጆቿን ፎቶ ታያለች። እሷ እዚያ፣ እሱ ሳሎን። ስለዚህ ራዳሩ ጭልፊትን ይጠብቃል።

አንድ ቀን ክርክሩ ጦፎ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ራዳሩ በመስኮት አየ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቦግ ብሏል፣ የጠፋው የእነሱ ሕንጻ ብቻ ነው። በሞባይል ዳታ የሚሠራውን ስልኩን አየ፤ ጭልፊትም ጠፍቷል። መብራቱ ሲመጣ ጭልፊትም አብሮ መጣ።

ራዳሩ ጭኑን መታ። ባላንጣው እዚሁ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ ዋይፋዩ ከመብራቱ ጋር ጠፍቶበታል።

ማን እንደሆነ ለማወቅም ጊዜ አልፈጀበትም። ከእሱ ቤት ሥር ጡረተኛ ሻለቃ ይኖራል፤ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታን በአፍንጫው የሚያወጣ ዓይነት ሰው። ጭልፊት ጠዋት አይጽፍም፤ ሻለቃውም ጠዋት የእግር ጉዞ ላይ ነው። ጭልፊት አንዴ «ዛሬ በግራ ጎንህ ነው የተነሳኸው፤ እግርህን እየጎተትክ ነው» ብሎታል። የእግሩን ኮቴ ከሥር ሆኖ የሚሰማ ሰው እንጂ ሌላ ማን ይህን ያውቃል?

ራዳሩ ደስ ብሎት ነበር። ሻለቃውን እንዳወቀበት ሳይነግረው መከራከሩን ቀጠለ።

ዛሬ ከሰዓት ግን ጭልፊት እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «በቃኝ። አንተ ትናገራለህ እንጂ አትሰማም። የዛሬው የመጨረሻዬ ነው።»

ራዳሩ ደጋግሞ አነበበው። ጠረጴዛው ላይ ሳያየው የተቀመጠለት ሻይ ቀዘቀዘ። ጭልፊት ከሄደ ከማን ጋር ሊያወራ ነው? ከወንድሙ ልጅ አውራ ጣት ጋር?

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ስልኩን ይዞ ወረደ። የሕንጻው ቆጣሪዎችና የየቤቱ ማጥፊያ ብሬከሮች ደረጃው ሥር አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። የሻለቃውን መብራት ሲያጠፋ ጭልፊትም ከጠፋ፣ ሄዶ በሩን ያንኳኳል፤ «አትሂድ» ይለዋል። ራዳር ሲጠግንም እንዲሁ ነበር፦ ብልሽቱ እስኪገኝ አንዱን እያጠፉ ሌላውን ማየት፤ የራስን መሣሪያ መጨረሻ ላይ።

«ጭልፊት፣ አለህ?» ብሎ ጻፈ።

«ለጊዜው አለሁ።»

የሻለቃውን ብሬከር ቀጭ አድርጎ አጠፋው። ወዲያው በር ተከፈተ።

«ማነው መብራት የሚነካካው?»

«ጥገና ነው» አለ ራዳሩ ድምፁን አጎርንኖ።

«የምን ጥገና? ራዳሩ፣ አንተ ነህ አይደል?»

«ራዳሩ የለም። ወጥቷል።»

ስልኩ ጢን አለ። «ጠርተኸኝ ዝም ትላለህ እንዴ?» ይላል ጭልፊት።

ራዳሩ ቀና አለ። ሻለቃው ጨለማ ውስጥ ቆሞ ይራገማል፤ ጭልፊት ይጽፋል።

ከእሱ ቤት በላይ የምትኖረውን የጥርስ ሐኪም መብራት አጠፋ። «ኧረ ባትሪ አምጡ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ስልኩ ደግሞ ጢን አለ። «ካልመለስክ ልሄድ ነው።»

ሌላ ተከራይ የለም። ራዳሩ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ጭልፊት ለካ የትም ሊሆን ይችላል፤ ሊያንኳኳበት የሚችል በር የለውም። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ጻፈ።

«አትሂድ። ማሽኑ ሲሳሳት ማን ይቅርታ ይጠይቃል ብለኸኝ ነበር። የተሳሳተው ይጠይቅ። እኔ ሰው ሲያወራ አልሰማም፤ ልማዴ ነው። ይቅርታ።»

ሦስት ነጥቦች ብቅ አሉ። ጭልፊት እየጻፈ ነው። ነጥቦቹ ቆዩ፣ ቆዩ፣ አሁንም ቆዩ።

ራዳሩ መጠበቅ ሲያቅተው ተነሳ። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው፤ እጁ ግን የለመደውን ሥራ አልተወም፣ የቀረውን አንድ ብሬከር፣ የራሱን ቤት፣ ቀጭ አደረገው።

ነጥቦቹ ጠፉ። ላይ ቤት ሬዲዮው ጸጥ አለ። ሕንጻው ውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ቀስ እያለ ደረጃውን ይወርዳል።

«አብራው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ፣ ታብሌቷን ደረቷ ላይ አስደግፋ። «መልሴን ሳልጨርስ እኮ ነው ያጠፋህብኝ።»