ግራ ጆሮው የተቀደደ ዳማ ፈረስ

«ወንድሜ፣ ሰው የሚፈልገው ፈረስ አይደለም፤ ሕልም ነው» ይለኛል ምስጋናው፣ ላፕቶፔን ወደ ራሱ አዙሮ። «ይኸው ተመልከት። “በሕልም ፈረስ ማየት ፍቺው።” ዘጠና ሰው ጎግልን ጠይቋል! ይህን ርእስ አድርገህ አንድ ገጽ ጻፍ፤ አገር ይጎርፍልሃል።»

እንጅባራ ላይ ከጧት ጀምሮ ይዘንባል። የምስጋናው ስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ከእኔና ከእሱ ሌላ ማንም የለም።

«ፍቺ አላውቅም» እለዋለሁ።

«ማን ያውቃል ታዲያ? ነጭ ከሆነ ሹመት፣ ጥቁር ከሆነ ሐዘን በላቸው። ማን ይከስሃል? ፈረሱ?»

ዌብሳይቱን ከከፈትሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በየቀበሌው በእግሬ እየዞርሁ የአገው ፈረሰኞችን ፈረሶች እመዘግባለሁ፤ ስማቸውን፣ መልካቸውን፣ የጌታቸውን ስም። መቶ አርባ ሁለት ደርሰዋል። በጥር፣ ፈረሰኞቹ በዓላቸውን ሲያከብሩ፣ ሰው ይገባል። ከዚያ ወዲያ በቀን ሦስት ወይ አራት ነው፤ አንዱም እኔ ነኝ። ምስጋናው ዘንድ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ሰው ጎግል ላይ ምን ብሎ ሲፈልግ የእኔ ገጽ እንደሚመጣለት የሚያሳይ ዝርዝር አለ፤ አነባበቡን ሊያሳየኝ።

ጣቱ ዝርዝሩን ወደ ታች ይጎትታል። የፈረስ ኮርቻ። የአገው ፈረሰኞች ፎቶ። ፈረስ ስንት ዓመት ይኖራል። ከዚያ ይቆማል።

«ይሄ ደግሞ የማን እብድ ነው?»

ጎንበስ ብዬ አነባለሁ። “ግራ ጆሮው የተቀደደ ዳማ ፈረስ ወዴት ገባ።”

የአባቴ ፈረስ ነው። ውርንጭላ ሳለ ጅብ ነው ጆሮውን የቀደደው። ከመቶ አርባ ሁለቱ ውስጥ የለም፤ ስለ እሱ አንዲት ቃል ጽፌ አላውቅም።

«ሌላም አለ» ይላል ምስጋናው። «“የወገኔ ፈረስ ዘንገና ውኃ ገባ ወይ።” ወገኔ አባትህ አይደሉም እንዴ?»

«አባቴ ነው።»

ውጭ የጋሪ ፈረስ ጭቃውን እየረገጠ ያልፋል። ቀና ብዬ አላይም።

አባቴ የሞተው አምና በሰኔ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ፈረሱ በረት ውስጥ ሆኖ መሬቱን ሲደበድብ አላስችል አለኝና ፈታሁት። ውኃ ላጠጣው ነበር። ገመዱን ከእጄ መንጭቆ በዘንገና ሐይቅ በኩል ወረደ። ኮቴው ሐይቁ አፋፍ ድረስ ይታይ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

በእኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ ልቅሶውን ይዞራል። አባቴን ያለ ፈረሱ፣ እንደ እግረኛ፣ እንዴት ልሸኘው? ግምጃ ቤት ከተማ ካለ ወዳጄ አንድ ዳማ ተዋስሁና የአባቴን ግላስ አለበስሁት። ጆሮዎቹን «ለሐዘን ነው» ብዬ በጥቁር ሻሽ ጠቀለልኋቸው። አገሩ አለቀሰለት። እናቴ አንገቱን አቅፋ ሙሾ አወረደች። ማታውን ለጌታው መለስሁና ለእሷ «ዓይኔ እያየው አልችልም፤ ለሰው ሰጠሁት» አልኋት። እሺ አለች።

እስከ ዛሬ ማንም አላወቀብኝም። ከሟቹ በቀር።

«ታየ አሥራ አንድ፣ ተከፈተ ዜሮ» ብሎ ያነባል ምስጋናው። «ስለ ዳማ ፈረስ የጻፈ ሌላ ስለሌለ የአንተን ያመጣለታል። ግን አይገባም። አሥራ አንድ ጊዜ ደጅህ ድረስ መጥቶ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሳያንኳኳ ተመልሷል።»

«ማን እንደሆነ አይናገርም?»

«ቃሉን እንጂ ሰውዬውን አያሳይም። ምን ሆንህ? ገረጣህ እኮ! ለዚህ ሰው አንድ ገጽ ሥራለት እንጂ፤ ቃሉን እንዳለ ገልብጠህ ርእስ አድርገው። ብቻውን ቢሆንም ታማኝ ደንበኛ ነው።» ይስቅና ወዲያው ግንባሩን ይቋጥራል። «ቆይ ግን፣ ይሄ የተጻፈ አይመስለኝም። የሚጽፍ ሰው “ዳማ ፈረስ” ብሎ ይተዋል። “ወዴት ገባ” ብሎ ጎግልን የሚጠይቅ ማነው? ይሄ ስልኩን አፉ ሥር ይዞ በድምፅ የጠየቀ ሰው ነው። ምናልባት ማንበብም አይችል። የማይከፍተው ለዚያ ይሆናል።»

ዝናቡን መስማት አቆማለሁ።

ለፋሲካ ቤት ስሄድ አሮጌ ስልኬን ለእናቴ ሰጥቻት፣ የማይኩን ምልክት በአመልካች ጣቷ አስነክቻት ነበር። «የጠፋሽን ነገር ጠይቂው፤ ይፈልግልሻል» አልኋት። አገውኛ እንደማይሰማ ስነግራት አዘነችለት። «ምስኪን! እንግዲያ ባማርኛ እናዋራዋለና።»

ስልኬን አውጥቼ እደውላለሁ። በሁለተኛው ጥሪ ታነሳለች።

«ቢሻው? እዚያም ይዘንባል? ደረብ አድርገሃል?»

«እማ» እላለሁ። «ያን ቀን፣ ልቅሶው ላይ… ሻሹን ገልጠሽ ነበር?»

ምስጋናው መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። በስልኩ ውስጥ የእሷ ቤት ቆርቆሮ ይሰማኛል፤ ከእኛው ዝናብ ላይ ሌላ ዝናብ።

«በሰው ፊት እንዴት እገልጠዋለሁ፣ ልጄ» ትላለች። «እጄን ብቻ ከሥሩ ሰደድሁ። ግራ ጆሮው ሙሉ ነበር።»