የተበየደው በር

ፀሐይዋ ከምድር ላይ ሰው አላስቀምጥ ካለች ወዲህ ኑሮ ሁሉ ከመሬት በታች ሆኗል። ቤቱም፣ ገበያውም፣ መቃብሩም ዋሻ ነው። ከዋሻዎቹ ሁሉ የሚፈራው ደግሞ ውሃ ፍለጋ የሚቆፈረው ታችኛው ዋሻ ነበር። ጣሪያው ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ግድግዳው ላይ ነጭ ሻጋታ ይበቅላል። ሻጋታው ሳንባው የገባ ሰው ወደ ሰው መሐል አይመለስም፤ ሕጉ አጭር ነው፦ ይቃጠላል።

ብረት በያጇ ወንድሟን ያጣችው እዚያ ነው። እናት አባታቸው ከሞቱ በኋላ አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ቁፋሮ ላይ ሳለ ዋሻው ተናደ። የቁፋሮው አለቃ ብቻውን ወጣና የዋሻውን የብረት በር ዘጋው።

«የተረፈ የለም» አለ።

ለቅሶ ተቀመጠች። አለቃውም መጥቶ ጥግ ያዘ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ኀዘኗ ትንሽ በረድ ሲል ፓምፕ ጠባቂው መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም» አላት። «ያን ቀን በሩ ሲዘጋ በቅርብ ነበርኩ። ከውስጥ ይደበደብ ነበር።»

«ምኑ?»

«በሩ ነዋ! ወንድምሽ እየደበደበ ነው አለቃው የቆለፈው።»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ለማን ትክሰሰው? አደጋ ሲመጣ በር ይዘጋ ብሎ የደነገገው ሸንጎው ራሱ ነው። ቂሟን ዋጥ አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዓይኗን ግን ከአለቃው ላይ አልነቀለችም። ሠራተኞቹ «ጎተራ» ይሉታል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ከምግብ ቤቱ የሁለት ሰው ምግብ ተሸክሞ ይወጣል። እንዲያም ሆኖ ከቀን ወደ ቀን ይከሳል፤ ሱሪው በቀበቶ ጉልበት ነው ወገቡ ላይ የሚውለው።

«ይሄ ሰው የሚበላው የት ነው የሚገባው?» ይባባሉና ይስቃሉ።

«ግፍ መቼ ያወፍራል» ትላለች በያጇ በልቧ።

የጭንብል ማጣሪያም ከዕቃ ቤት ከድርሻው በላይ እንደሚወስድ ደረሰችበት። ሌባም ነው ማለት ነው።

አንድ ቀን የብየዳ ክፍሏ ድረስ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«ልጄ፣ የወንድምሽ ወፍራም ሹራብ ይኖራል?»

«ለምን ፈለጉት?»

«ታች ይበርዳል።»

ደሟ ፈላ። ሹራቡ ትራሷ ሥር ነው፤ ጠረኑ እንዳይጠፋባት ብላ እስካሁን አላጠበችውም። የገደለው ሰው ደግሞ ሊለብሰው!

«የለም» አለች።

አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋውና ሄደ። እሷም ያኔውኑ ቆረጠች።

ፈረቃ ሲቀየር ተከተለችው፤ የብየዳ ጋዟን በትከሻዋ፣ ጭንብሏን በፊቷ አድርጋ። ወደ ታችኛው ዋሻ የሚወስደው ቁልቁለት ያንሸራትታል። ከጣሪያው ጠጠር ይረግፋል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ግድግዳ እንዳትነካ እጆቿን ሰብስባ መሐል ላይ ትቆማለች። ሻጋታው በባትሪዋ ብርሃን እንደ ጥጥ ይነጣል። አለቃው ከፊቷ ጆንያ ተሸክሞ ይሄዳል፤ መንገዱን በጨለማም የሚያውቀው ይመስላል። የብረቱ በር ጋ ሲደርስ ከፍቶ ገባ።

«የሰረቀውን የሚደብቀው ወንድሜ መቃብር ላይ ነው!» አለች በልቧ።

የቀረቻት ርኅራኄ ብትኖር እዚያ ላይ አለቀች።

ሮጣ በሩን ዘጋችው። መወርወሪያውን ጣለች፤ እሳቷን ለኮሰች። መገጣጠሚያውን ከላይ እስከ ታች በየደችው። በሥራ ዘመኗ እንዲያ ያማረ ብየዳ ወጥቷት አያውቅም።

ከውስጥ ድብደባ ተነሣ። በሩ ወፍራም ነው፤ በላዩ ከተገጠመው መነጋገሪያ በቀር ቃል አያሳልፍም። የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነች።

«ሰው አለ እዚህ! ክፈቱ!» ይላል አለቃው።

«እኔ ነኝ። ታውቀኛለህ።»

አንተ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ድብደባው ቆመ።

«ወንድሜም እንዲህ ደብድቧል። ሰምተኸው ነበር?»

«ሰምቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ልጄ፣ እባክሽ ስሚኝ፤ እሱ...»

«እሱን አንተ መቼ ሰማኸው!»

ቁልፉን ለቀቀችው። በራሷ በላይ የአየር ቧንቧው ሽው ይላል። አየሩን ለራሱ ከፍቶት ኖሯል! የቧንቧውን መዝጊያ መዘውር እስከ መጨረሻው አዞረች። ሽውታው ጸጥ አለ። መዘውሩን ከነእጀታው ነቅላ ከመንገዱ ዳር ባለው ገደል ውስጥ ወረወረችው፤ ሲወድቅ እንኳ አልተሰማም።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

መሄድ ነበረባት፤ ጣሪያው እያጉረመረመ ነው። ግን ሲለምን መስማት አማራት። አንዴ ብቻ። ወደ በሩ ተመለሰችና ቁልፉን ተጭና ጆሮዋን አስጠጋች።

አለቃው አይለምንም። ድምፁ ከበሩ ርቋል፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው።

«አይዞህ፣ አትደንግጥ፤ ሳሉ ይብስብሃል። እህትህ ናት፤ በሩን ልትከፍትልን ነው የመጣችው።»