ካውያ ያዋስኩ ዕለት

ነጂባ ዘግይታ ገብታ አጠገቤ ትቀመጣለች። በፌስታል የጠቀለለችውን ካውያዬን ጭኔ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ጠዋት ነው የተዋሰችኝ። ሙቀቱ በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል።

«ምን ስትተኩሺ ነው የቆየሽው?» እላታለሁ።

«የለይላን ዩኒፎርም ነዋ» ትላለች ወደ መድረኩ እያየች። «ጀመሩ እንዴ?»

ከጀመሩ ቆይተዋል። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። ከከተማው አስተዳደር የተላኩት አቶ ሽፈራው የደንቡን ረቂቅ አንብበው ጨርሰዋል። በሱቅም ሆነ በስልክ የሚደረግ የኳስ ውርርድ በከተማችን ይከልከል ይላል። ዛሬ ሕዝብ ይናገርበታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወይ ይጸድቃል ወይ ይጣላል። ውርርድ ቤቶቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከአዲስ አበባ ከረባት ያሰረ ሰው አስመጥተው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠዋል፤ ከኋላ ደግሞ አረንጓዴ ቲሸርት የለበሱ ሠራተኞቻቸውን ሦስት ረድፍ ሙሉ ደርድረዋል። ዞር ብዬ አላያቸውም። የልጄን እኩዮች ሳይ ሆድ ይብሰኛል።

ሳህሉ አንድ ልጄ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ የእኔ አንድ ዓይን ግን ራሱ ሄዶ አፈሩ ውስጥ ገባልኝ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን ጥሎ ፈረስ መጋላ አደባባይ ካለው ውርርድ ቤት ይውላል፤ ማታ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ያድራል። ባለፈው ሁዳዴ የሠርጌን ሐብል ከሳጥን አውጥቶ ሸጠው። ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው፤ ለነጂባ።

ለሌላ ለማን እነግራለሁ? ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ እዚህ ዘመድ የለኝም። ሳህሉን ወልጄ ታምሜ ስተኛ ጡቴ ደረቀ። ያኔ ጎረቤቴ ነጂባ ሳትጠራ መጣች። የራሷን ልጅ አሚንን በአንድ ጡቷ፣ የእኔን ሳህሉን በሌላው ይዛ ሰባት ወር አጠባች። በሃይማኖታቸው ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሳህሉ ሴት ልጇን ለይላን ቢወዳት እንኳ ሊያገባት አይችልም፣ እህቱ ናት። ልጄ እኔን እማዬ፣ እሷን በአገሩ አጠራር አዴ ይላል።

ስለዚህ ተመካከርን። እኔ ቀድሜ ተናግሬ ስቀመጥ እሷ ተነስታ «እውነቷን ነው፣ የእኔም ልጅ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ልትል። ነጂባ የአገሩ ሰው ናት፤ የአዳራሹ ግማሽ ዘመዷ ነው። ለአንድ ልጅ ሁለት እናት ከቆመለት ባለ ከረባቱ ምን ይመልሳል ብዬ ነበር።

እጄን አውጥቼ እቆማለሁ። ሁሉንም እናገራለሁ፤ ሐብሉንም ሳይቀር። ያስተማርኳቸው ልጆች፣ የልጆቹ ወላጆች፣ ሥጋ የምገዛው ሰውዬ እንኳ አለ። ፊቴ በእፍረት ይግላል፣ ግን አላቋርጥም። እናቶች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ባለ ከረባቱ መጻፉን ይተዋል።

ስቀመጥ ነጂባ ትነሳለች። ሻሿን ታስተካክላለች።

«ቢስሚላህ። እኔ ነጂባ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። ሳህሉ ጡቴን የጠባ ልጄ ነው። ፍሬሕይወትም እህቴ ናት። ስለ ልጇ ስታስብ እንቅልፍ የላትም፤ ሰው ሲጨነቅ ደግሞ ያልሆነው የሆነ ይመስለዋል። ሐብሉ ጠፍቶ ይሆናል። ሳህሉ የሰው ዕቃ አይነካም። እነዚህ ሰዎች ለልጆቻችን እንጀራ ሰጥተዋል። ቤቱ ቢዘጋ ልጆቹ የት ይሄዳሉ?»

ከኋላ ያጨበጭባሉ።

ነጂባ ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ስትገዛ እንኳ አሥር ጊዜ ወላሂ ትላለች። አሁን አንድም ጊዜ ወላሂ አላለችም።

«ምንድን ነው ያልሽው?» እላታለሁ ስትቀመጥ።

«ተይኝ ፍሬዬ።» አታየኝም። «ሳህሉን ሥራ አስገባሁት። ትናንት ፈረመ። በምትኩ ተነስተሽ ተናገሪልን ብቻ ነው ያሉኝ። ቤት ቁጭ ብሎ ከሚበላሽ ብዬ ነው እኮ።»

«የት ነው ያስገባሽው?»

«እዚያው ውርርድ ቤት። ትኬት ይቆርጣል። ሠራተኛ መጫወት አይፈቀድለትም ብለውኛል።»

ሥጋዬን ለጅብ አደራ ሰጥታ፣ ጅቡ ጾመኛ ነኝ ብሎኛል ትለኛለች።

«ሳትነግሪኝ?»

«እሱ ነው ለእማዬ እንዳትነግሪያት ያለኝ።»

የእሷስ ይሁን። የልጄ መደበቅ ግን ከእሷ ይብሳል።

«እስቲ ከወጣቶቹ አንድ ሰው» ይላሉ አቶ ሽፈራው። ወንበር ሲንቋቋ እሰማለሁ። አሁን ዞር እላለሁ።

ሳህሉ ቆሟል። ጸጉሩን ተቆርጧል፣ ጺሙን ተላጭቷል። እንዲህ አምሮበት ካየሁት ዓመት አልፎኛል፤ ሞኟ እኔ ለአንድ አፍታ ደስ ይለኛል። ከዚያ ቲሸርቱን አየዋለሁ። የጓደኞቹ ከፌስታል እንደወጣ የተጨማደደ ነው። የእሱ ግን በደንብ ተተኩሷል፤ እጅጌው ላይ ቀጥ ያለ የካውያ መስመር አለው።

ማይኩን ይቀበላል። ወደ እኔ አያይም።

«አዴ ያለችው ነው እውነቱ» ይላል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ለይላ ትምህርት የላትም። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬ ይህ እንዴት ጠፋኝ?

ጭብጨባው አዳራሹን ይሞላዋል። ካውያው ጭኔ ላይ ነው፤ ገና አልቀዘቀዘም።