ሁለተኛው ቀይ ካልሲ

ውባለም በሰባት ወሯ ምጥ መጣባትና ከመርሳ ወልድያ ሐኪም ቤት ደርሳ መንታ ሴቶች ወለደች። አንደኛዋ ክርስትና ሳትነሳ፣ እናቷም ሳታቅፋት በማግስቱ ሞተች። አባቷ ሸሻይ በባዶ እግሯ ጠቅልሎ ቀበራት። የውባለም እናት ለሁለቱም የሠሩት ቀይ ካልሲ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው።

የተረፈችውን ኪሎ ተኩል የማትሞላ ልጅ ውባለም ገላዋ ላይ ለጥፋ፣ በነጠላ አስራ ታሞቃታለች። ሰው ዓይን እንዳትገባ ለማንም አትገልጣትም። ነርሷ አዜብም ይህን ስለለመደች ትንፋሿን የምትቆጥረው በነጠላው ላይ ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ውባለም ልትታጠብ ስትል ልጅቱን ለሸሻይ ሰጠችው። እሱም ደረቱ ላይ አስሯት ፀሐይ ወዳለበት በረንዳ ወጣ። ውባለም ታጥባ ስትመለስ፣ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ቋጥራ ጋደም አለች።

አዜብ ገባች። እጇን ነጠላው ላይ አሳርፋ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች።

"ሃምሳ ሁለት። ጥሩ ነው" ብላ ጻፈች። ከዚያ ጣቶቿን በነጠላው ሥር ሰደደች። "እግሯ ግን በረዶ ሆኗል። ምነው፣ ካልሲ አላደረግሽላትም እንዴ?"

ውባለም ወደ መስኮቱ ዞር አለች። በመስኮቱ ሸሻይ ይታያል፤ ከሸሚዙ ሥር የልጅቱ ቀይ ካልሲ ብቅ ብሏል።

አዜብም ዞር ብላ አየችው። እጇ ነጠላው ሥር እንዳለ ቀረ።

ውባለም ትራሷን ቀስ ብላ አነሳችና ሁለተኛውን ካልሲ አወጣች።