በየወሩ አንደኛው ቀን ወደ ፔንሲልቬኒያ የሚሄደው ፖስታ

«ሻንጣውን ልቀቅ አልኩህ!»

እታገኝ ናት... ደረጃው ላይ። እሷ ሻንጣውን ወደ ታች ትጎትታለች፣ ባሏ ጥሩነህ ወደ ላይ።

እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ አያለሁ። ምን ላድርግ... ጎረቤት ነኝ!

ሳን ሆዜ ነው። ጃንዋሪ 1999።

«እኔ ኦክላንድ እህቴ ጋ እሄዳለሁ! አንተ ፔንሲልቬኒያ ልጅህ ጋ ሂድ!»

«የምን ልጅ?»

እውነቱን ልናገር? ያንን ልጅ የወለድኩት እኔ ነኝ... በአፌ።

ጥሩነህ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። እታገኝ ሚልፒታስ የኮምፒውተር ዕቃ ስትገጣጥም ትውላለች።

ለቤት መግዣ በየወሩ መቶ መቶ ዶላር ሊያስቀምጡ ተስማምተው ነበር። የእሷ ባንክ ይገባል። የእሱን ስትጠይቀው «አለ» ይላታል... አሳይቷት አያውቅም።

በ1990 እቁባችንንም ጥሎ ወጣ። ዳኛዋ እኔ ነበርኩና ቂም ያዝኩበት።

ከዚያ በኋላ በየወሩ አንደኛው ቀን ፖስታ ይዞ ወደ ፖስታ ሳጥኑ ይሄዳል። በቅርቡ አንድ ቀን ጠጋ ብዬ አየሁት... ፔንሲልቬኒያ ይላል። ይህን ያህል ማንበብ አያቅተኝም!

በየወሩ ቼክ... ለዚያውም ሩቅ... ለዚያውም ተደብቆ። ወንድሜ ለፈታት ሚስቱ ቻይልድ ሰፖርት፣ የልጅ ማሳደጊያ፣ የሚልከው ልክ እንደዚያ ነው።

«ልጅ ሳይኖረው አይቀርም» አልኩ ለአንዷ። ይኸው ብቻ!

ወሬው ሳን ሊያንድሮ ሲደርስ ልጁ ወንድ ሆነ። ኦክላንድ ሲደርስ መንታ ሆነ። ዞሮ እታገኝ ጆሮ ሲገባ እናትየዋም ስም ወጥቶላት ነበር።

በዚያው ሳምንት ፖስተኛው ተሳስቶ የጥሩነህን ፖስታ እኔ ሳጥን ውስጥ ከተተው። ሦስት ቀን አሳደርኩት።

አሁን ደረጃው ላይ ሻንጣ ሲጓተቱ ይዤው ወጣሁ።

«ይኸው ከዚያው ከፔንሲልቬኒያ! ክፈተውና ጉድህን እንይ!»

ጥሩነህ ቀዶ ለሚስቱ ሰጣት።

አነበበች... ደግማ አነበበች... ሻንጣውን ለቀቀችው።

«ሃያ ዘጠኝ ሺህ ዶላር?... የማን ነው?»

«ወራሽ የሚለውን አንብቢ።»

የራሷ ስም ነበር።

«ያ መቶ ዶላሬ ነው» አላት። «ኢንዴክስ ፈንድ ይሉታል፤ የሚይዘው ድርጅት ፔንሲልቬኒያ ነው ያለው። አንድ ኩባንያ መርጬ አልገዛሁም፤ ከአምስት መቶ ኩባንያ ትንሽ ትንሽ አክሲዮን ነው። አንዱ ቢወድቅ ሌላው አለ።»

«እኩል አይደል እንዴ የጀመርነው? የእኔ አሥራ ሁለት ሺህ ነው!»

«አባቴ ጥጃ አይሸጥም ነበር። ጥጃዋ አድጋ ትወልዳለች፣ ልጇም ትወልዳለች። እኔም ትርፉን አልነካሁም። ዋጋው የወረደበት ዓመት ነበር... እንቅልፍ አጣሁ እንጂ አላወጣሁም።»

ወረቀቱን አጠፈችው። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር...

«ዘጠኝ ዓመት ለምን ደበቅኸኝ?»

«አክሲዮን ቁማር ነው፣ ከነካህ እፈታሃለሁ ስላልሽኝ...»

«ይኸው ደብቀኸኝስ ልፈታህ አልነበር?»

እኔ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እታገኝዬ... ወሬው የመጣው ከእኔ ነው። ይቅር በይኝ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን፦

«እትዬ ዘርትሁን፣ ሻንጣውን መልሱልኝ» ብቻ አለችኝ።

እስከ መኝታ ቤቷ ተሸከምኩላት። አቤት ሲከብድ!

ፌብሩዋሪ አንደኛው ቀን መስኮቴ ላይ ነበርኩ... አመል አይለቅ!

ሁለቱም አብረው ወጡ። ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ ልትከት ስትል ቀና ብላ አየችኝ። ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

«እትዬ! ዛሬ የሁለታችንም ነው፤ እንዳይሳሳቱ!»

የተማርኩት ይህን ነው... ገንዘብ እንዲወልድ ሰው ዓመታት መታገስ አለበት። ሐሜት ግን በሳምንት መንታ ይወልዳል። ባልና ሚስት የተደባበቁት ነገር ደግሞ፣ ለደግም ቢሆን፣ ለእንደኔ ዓይነቱ አፍ ቀለብ ነው።

እናንተስ... እታገኝን ብትሆኑ ሻንጣውን ታስመልሱ ነበር? ጥሩነህ የሠራው ፍቅር ነው ወይስ ክህደት? እስቲ ኮመንት ላይ ፍረዱ... እኔንም ጨምራችሁ!