በረዶ የላጠው ካርታ

ሮይስና ላቮን ቤታቸውን ሸጠው በመኪና ላይ የተሠራ ቤት ገዙ። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፤ የሌለው ነገር ቢኖር ባልና ሚስት ሲኳረፉ የሚሸሹበት ጓዳ ነው። ሐሳቡ የሮይስ ነበር። ጡረታ በወጣ ማግስት «አገሬን ሳላይ አልሞትም» አለ። ላቮን ዕድሜዋን ሙሉ በትምህርት ቤት ምግብ ቤት የሰው ልጅ ስታበላ፣ የሰው ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት። ምስኪን፣ ተከትላው ወጣች።

በበሩ ጎን፣ በውጭ በኩል፣ የአሜሪካ ካርታ ተለጥፏል። አንድ ግዛት ውስጥ ሲያድሩ የዚያን ግዛት ስቲከር ይለጥፉበታል። ሳያድሩ መለጠፍ በሮይስ ሕግ ትልቅ ነውር ነው። ካርታው የሞላ ዕለት ጉዞው ያበቃል፤ ኦሃዮ ገብተው ከልጃቸው ከትሪና አጠገብ ይኖራሉ። ሮይስ ይህን ቃል የገባው ሚስቱ ስትነጫነጭ መስማት ሰልችቶት ነው።

ላቮን ያልተማረረችበት ካምፕ የለም። «እኔ የምፈልገው የማይንቀሳቀስ ኩሽና ብቻ ነው» ትላለች፤ ለጎረቤቱም፣ ለካሸሯም፣ ለሰው ውሻም።

ሰኔ ላይ የቀራቸው ሰሜን ዳኮታ ብቻ ነበር። ትሪና በስልክ ደስታዋን አልቻለችውም።

«እማዬ፣ ፊት ለፊታችን ያለው ቤት ተለቀቀ። የልጆቹንም ሞግዚት አሰናብቻታለሁ። አራቱም አያታችን መቼ ነው የምትመጣው እያሉ አላስቀምጥ ብለውኛል።»

«እሰይ የኔ ልጅ። መቼ በደረስኩ» አለች ላቮን።

ደቡብ ዳኮታ ሲደርሱ እንቁላል የሚያክል በረዶ ወረደ። የማዕበል ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ ሰፈርተኛው ሁሉ ወደ ካምፑ ሻወር ቤት ሮጠ፤ በግንብ የተሠራው እሱ ብቻ ነው። ሲያባራ ወጥተው ቢያዩ ጣሪያው ሰርጉዷል፣ ከካርታው ላይ ደግሞ ነብራስካ የለም።

«በረዶው ገንጥሎት ነው» አለ ሮይስ።

«ጎበዝ በረዶ ነው። ከዚህ ሁሉ ነብራስካን መርጦ» አለች ላቮን።

ሮይስ ራሱን አከከ። «አድረንበት የለ እንዴ? አንድ ሌላ ገዝተን ብንለጥፍስ?»

«ሕጉን ያወጣኸው አንተ። ኋላ ላቮን አጭበረበረች ልትል ነው?»

ወደ ደቡብ ዞሩ። ነብራስካ ውስጥ የአጥር ሽቦ ሙዚየም አለ፤ ሰው የአጥር ሽቦ ለማየት ከፍሎ የሚገባበት። ላቮን እየተማረረች ሦስት ጊዜ ዞረችው። አንድ ዙር ለምሬቷ ሳይበቃት ቀርቶ ይሆናል።

በማግስቱ ማዕበል መጣ፤ ካንሳስ ጠፋች።

«እማዬ፣ ይሄ የአባዬ ሥራ ነው» አለች ትሪና በስልክ። «መንዳት አይጠግብም። እያወቀ ነው ከእኛ የሚያርቅሽ።»

ላቮን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ የማንንም ስም አላነሳም ልጄ። ብቻ መፋቂያ ከኪሱ አይጠፋም።»

እውነቷን ነው። ሮይስ የመኪናው የፊት መስተዋት ላይ የሚደርቀውን ትንኝ የሚፍቅበት አንድ የፕላስቲክ መፋቂያ አለው፤ እንደ ማበጠሪያ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ሲፍቅ ደግሞ ያፏጫል። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ካንሳስ ላይ ግዙፍ የሲሚንቶ ዓሣ አለ። ላቮን ጫማዋን አውልቃ አፉ ውስጥ ገባችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሰው ምሬት ሲበዛበት እንዲህ ያደርገዋል። ሮይስ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጉልበቱን እያሻሸ ፎቶ አነሳት።

ተመልሰው ሰሜን ዳኮታ ገቡ፤ አደሩ፤ ለጠፉ። ካርታው ሞላ። ትሪና በቪዲዮ አየችው። ልጆቹ «እንኳን ደህና መጣሽ አያታችን» ብለው በቀለም የጻፉትን ጨርቅ በር ላይ ሰቅለዋል። ላቮን ጨርቁን አይታ ምርር ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ። ሳይረኑ ጮኸ።

«አንቺ ቅደሚ፣ እኔ የበሩን ጥላ ሸራ ልጠቅልል» አለ ሮይስ።

«በዚህ ጉልበትህ? ጠቅልልና አንተ ቅደም፤ እኔ እደርሳለሁ።»

ሮይስ ሸራውን ጠቅልሎ እያነከሰ ወደ ካምፑ ሻወር ቤት ሄደ። ላቮን ከሰው ሁሉ መጨረሻ ደረሰች፣ ፀጉር ማድረቂያዋን ታቅፋ። ሌላው ሰው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ወርቁን ይዞ ይሮጣል፤ እሷ ሁልጊዜም የምታድነው ይህንኑ ነው። ሳይረን የሚጮኸው ፀጉሯ እርጥብ ሲሆን ብቻ ነው፤ አይ ዕድል።

ነፋሱ አጠገባቸው አልፎ የጎረቤታቸውን ወንበሮች ዛፍ ላይ ሰቀላቸው። ካርታው ደግሞ አንድ እግሩን አጥቷል። ፍሎሪዳ የለችም።

«ኪስህን ገልብጥ አባዬ» አለች ትሪና በቪዲዮ።

ሮይስ ገለበጠ። መፋቂያው ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ይሄ የትንኝ ነው» አለ። «አንቺን ይንሳኝ ልጄ፣ አልነካሁም። እኔ ራሴ ደክሞኛል። ጉልበቴ እንኳ…»

«ፍሎሪዳ እኮ የአገሪቱ ሌላ ጫፍ ናት። እዚያ ደግሞ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ገና መጀመሩ ነው። ልጆቼን ምን ልበላቸው? እናቴን ማረፍ እንኳ ከለከልካት፤ አታፍርም?»

ሮይስ መፋቂያውን አንስቶ፣ ቆብ አድርጎ፣ ነፋሱ የበተነውን ሊጠርግ ወጣ። ለአርባ ዓመት ሚስቱ አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም፤ ይህን የሚመሰክርለት ግን አልተገኘም።

«በቃ ልጄ፣ አባትሽን አታስጨንቂው» አለች ላቮን እያለቀሰች። «እኔ ለምጄዋለሁ። አንቺ ብቻ ለጊዜው ሌላ ሞግዚት ፈልጊ።»

ስልኩን ዘጋች፤ እንባዋን ጠረገች፤ በፀጉር ማድረቂያዋ ሙቀት የላጠቻትን ፍሎሪዳን ከጡት መያዣዋ ውስጥ አውጥታ፣ ሐኪም ሮይስ እንዳይነካው በከለከለው የስኳር ዕቃ ውስጥ፣ ከነብራስካና ከካንሳስ ጋር አስተኛቻት።